ከሳፍራ በኋላ

የንፋስ መውጫ ሰው ቦጋለችን «ኤኔሮ» ብሎ ነው የሚጠራት። ስሙ የወጣላት ለስድብም ለቁልምጫም አይደለም። ከተማ ሥራ ሲፈታ ሰው ላይ ስም ይለጥፋል፤ በእነዚያ ዓመታት ደግሞ ንፋስ መውጫ ውስጥ ከስብሰባ ሌላ ሥራ አልነበረም። ኤኔሮ በስፓኒሽ የወር ስም ነው፤ ታኅሣሥ ሊያልቅ ሲል የሚገባው፣ ገናና ጥምቀት የሚውሉበት ወር። አንዲት የጋይንት ልብስ አጣቢ በኩባዎች ወር ልትጠራ የበቃችበትን ለማወቅ መጀመሪያ ባሏ እንዴት ሰማዕት እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

ባሏ ፈንታ የስማዳ ገበሬ ነበር። በስልሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት የእናት አገር ጥሪ መጣ። ጥሪው ለሁሉም ነው ተባለ፤ ጆሮው ውስጥ የገባው ግን ማሳው ከገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ማሳ ጋር የሚዋሰነው ፈንታ ነበር። የሚሊሺያ ካኪ አልብሰው ወደ ኦጋዴን አወረዱት። ደጋ ተወልዶ ደጋ ያደገው ሰው ከበረሃ ጋር የተዋወቀው ያን ጊዜ ነው፤ ትውውቁም ረጅም አልነበረም። መርዶው ሲመጣ ሊቀመንበሩ ራሱ ቤቷ ድረስ ሄዶ ፈንታ አልሞተም፣ ተሰውቷል አላት። ቦጋለች ልዩነቱ ምንድነው ብላ ብትጠይቀው ልዩነቱ እጅግ ሰፊ ነው ብሎ አስረዳት። በዓመቱ ማሳው ለሊቀመንበሩ የወንድም ልጅ ሲሸነሸን ግን የተሰዋ ሰው መሬት ከሞተ ሰው መሬት እንደማይለይ አየች። አንድ ልጇን አንዳርጌን ይዛ ንፋስ መውጫ ገባች፤ ጤና ጣቢያው አንሶላ አጣቢ አድርጎ ቀጠራት።

በሰባ አንድ ደግሞ ልጁን መጡበት። የሰማዕታት ልጆች በወንድም አገር በኩባ ይማራሉ ተባለ። ትፈቅጃለሽ ወይ ብሎ የጠየቃት የለም፤ ትደሰቻለሽ ነው ያሏት። አንዳርጌ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። ኩባ ከደብረ ታቦር ትንሽ አለፍ ብሎ ያለ ከተማ መስሎት፣ እሑድ እመለሳለሁ ብሎ ጭነት መኪናው ላይ ወጣ። ከዚያ እሑድ ጀምሮ ቦጋለች በዓለም ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ቀራት፤ መቼ ነው የሚመለሰው።

ቀበሌው አብዮቱ ሲጎለብት አላት። የሴቶች ማኅበሯ ተጠሪ ዘመቻው ግቡን ሲመታ አለቻት። ከአውራጃው የመጣ አንድ ባለ ቦርሳ ደግሞ ተጨባጭ ሁኔታው ሲፈቅድ ብሎ አለፈ። ቦጋለች ገበሬ ናት። ዓመቱን በአረምና በአጨዳ፣ በሁዳዴና በፍልሰታ ታውቀዋለች፤ ተጨባጭ ሁኔታው ከየትኛው ጾም በኋላ እንደሚውል ግን የሚነግራት ቄስ አላገኘችም።

መልስ ሊኖረው የሚችል ሰው ጤና ጣቢያው የገባው በሰባ ስድስት ነው። ዶክተር ኢልዳ ትባላለች፤ ኩባዊት፣ ረጅም፣ ሲጋራ የማይለያት፣ ሳቋ ከግቢው አልፎ ገበያ የሚሰማ ሴት። የንፋስ መውጫ ብርድ ግን ሳቋን አጎደለው። ሁለት ጋቢ ደርባ፣ ከሥር የወታደር ካፖርት ለብሳ ነው በሽተኛ የምታየው። አማርኛዋ «አፍ ክፈች» እና «አይዞሽ» ነበር፤ ሁለተኛውን አብዝታ የምትናገረው ለራሷ ነው። ቦጋለች ልብሷን ልትወስድ በሄደች ቁጥር በሩ ላይ ቆማ «አንዳርጌ፣ ኩባ፣ መቼ» ትላታለች። ዶክተሯ ጥያቄው ሲገባት ትከሻዋን ሰበቀች፤ አታውቅም። ሴትዮዋ እዚያው እንደቆመች ስታይ ግን ቢያንስ መልሱ የሚነገርበትን ቃል ልስጣት ብላ ይመስላል፣ ወደ መስኮቱ ጠቆመችና ወሮቹን ታስተምራት ጀመር።

ቦጋለች ፊደል አትለይም። የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀት አላት፤ እሱን የቀበሌው ሪፖርት እንዲሞላ ለሁሉም አድለውታል። ስለዚህ ወሮቹን የያዘችው በልብስ ነው። ኤኔሮ፣ ጧት አንሶላው ገመድ ላይ እንደ ቁርበት ደርቆ የሚገኝበት፣ እጅ በእንዶዱ ውኃ ውስጥ የማን እንደሆነ የማይታወቅበት። ማርሶ፣ ታጥቦ የተሰጣውን አቧራ መልሶ የሚያቆሽሸው። ሁሊዮና አጎስቶ፣ ምንም ነገር የማይደርቅባቸው፤ ዶክተሯ እርጥብ ካልሲ አድርጋ በአገሯ ቋንቋ የምትሳደብባቸው። ኦክቱብሬ ሲገባ ሰማዩ ይጠራና አንሶላው እስከ ቀትር ይደርቃል። እንዲህ እያለች ዲሲዬምብሬ ደረሰችና ጣቷን ቆጥራ አንድ ጎደላት። ጳጉሜን የት ጣላችኋት ብላ በእጅ ምልክት ጠየቀች። ዶክተሯ የለችም አለች። ቦጋለች ለረጅም ጊዜ ያሳዘናት ይኼ ነው። ልጇ የሩፋኤል ዕለት በሚዘንበው ዝናብ የማይጠመቅበት፣ ዓመቱ መታጠቢያ ሳይኖረው ወደ ሌላ ዓመት የሚገባበት አገር ነው ያለው።

ዶክተሯ ቀጥላ አራቱን ወቅቶች አመጣች። ከአገሯ ይዛው የመጣችው የሕፃናት መጽሐፍ ላይ አራት ሥዕሎች አሉ። አበባው ፕሪማቬራ፣ ፀሐዩ ቤራኖ፣ የሚረግፈው ቅጠል ኦቶኞ፣ ነጭ የለበሰው መንደር ኢንቢዬርኖ። ቦጋለች በረዶውን አይታ ልጄ እዚህ ውስጥ ነው ወይ ብላ ደነገጠች። ዶክተሯ ሳቀች፤ ኩባ በረዶ የለም። እንደ እናንተው ነን፣ አንዱ ይዘንባል፣ አንዱ ይደርቃል ብላ በእጇ አሳየቻት። ታዲያ አራቱን ለምን ታስተምሪኛለሽ ብትላት ሲጋራዋን ለኮሰች። ቦጋለችም አልፈረደችባትም። ጭስ ማውጫ ያለው ፋብሪካ አይተው የማያውቁ ገበሬዎች የንፋስ መውጫ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠው ስለ ፋብሪካ ወዛደር ሌት ተቀን ሲማሩ አይታለች፤ ትምህርት ማለት እንዲህ መሆኑን ታውቃለች።

ይህን ነገር የሰማው ጓድ ቻላቸው ነው። ጓድ ቻላቸው የቀበሌው የቅስቀሳ ኃላፊ ነበር። ልጅ ሆኖ እዚያው ጋይንት ያለው ቤተ ልሔም ድጓ ሊማር ገብቶ ዜማው ጉሮሮው ላይ አልቀመጥ ብሎት ወጣ፤ የንባብ ሱሱ ግን አልለቀቀውምና ወደ ፓምፍሌት ዞረ። ፓምፍሌት ዜማ አይጠይቅም። ሰፊው ሕዝብ ሁሉ እኩል ነው የሚለውን ገጽ ከያዘ ወዲህ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ በሉኝ፣ አንቱታ የአድሃሪ ቅሪት ነው» ይላል። ቦጋለች አንድ ቀን እውነት መስሏት አንተ ብትለው የቀበሌውን ውኃ አንድ ወር በቅጣት አስቀዳት። ከዚያ ወዲያ ሁሉም እንደ ቀድሞው አንቱ ይለዋል፣ እሱም እንደ ቀድሞው አንተ በሉኝ እያለ ይቆጣል፤ ሁለቱንም ወገን ይስማማዋል።

በሰባ ሰባት የአብዮት በዓል ዕለት ቻላቸው ቦጋለችን መድረክ ላይ አወጣት። ንቃተ ኅሊናዋ የዳበረ የሰማዕት ሚስት የወንድም ሕዝብን ቋንቋ ታሰማናለች ብሎ አስተዋወቃት። የአውራጃ ሰዎች ከፊት ወንበር ላይ ነበሩ። ቦጋለች እጇን አጣምራ ቆመች። ሰው ፊት ቆሞ በቃል የሚባል ነገር የምታውቀው አንድ ብቻ ነው፤ ጸሎት። እናም ወሮቹን ከኤኔሮ እስከ ዲሲዬምብሬ በውዳሴ ማርያም ዜማ አዜመቻቸው፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ሳትቸኩል። መጨረሻው ላይ ድምፅዋን ዝቅ ስታደርገው ከኋላ የቆሙ ሴቶች አማተቡ፤ አንድ ዓይናቸው የጠፋ አዛውንት ቄስ ደግሞ ከሕዝቡ መሀል ረጋ ብለው «አሜን» አሉ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ቻላቸው ብቻ አልሳቀም። ኤኔሮ የሚለው ስም የወጣው ያን ዕለት ነው።

ዶክተር ኢልዳ በሰባ ስምንት ተጠርታ ሄደች። ለቦጋለች ካፖርቷን ትታላት፣ ሁለት ጉንጯን ስማት ነው የተለየቻት። አሥራ ሁለት ወሮችና አራት ወቅቶች አስተምራታለች። አንድ ቃል ግን አላስተማረቻትም፤ ለኩባዎች እሱ ሥራ እንጂ ወቅት አይደለምና ትዝ አላላትም።

በሰማንያ ዓመተ ምሕረት ኅዳር ላይ፣ ከኩባ አንድ ልጅ ታሞ ተመልሶ አርብ ገበያ ከተማ አክስቱ ዘንድ ገብቷል የሚል ወሬ መጣ። ጁሃር ይባላል። አባቱ እንደ ፈንታ ኦጋዴን የቀረ፣ አክስቱ ሀሊማ ጨውና በርበሬ የምትሸጥ። ቦጋለች ወሬውን በሰማች ማግስት ሐሙስ ተነሥታ በእግሯ ወረደች፤ ዓርብ ረፋድ ላይ ገበያው ደረሰች። በመንገዱ ግራና ቀኝ ሰው ሁሉ ማጭድ ይዞ ገብሱ ላይ ተጎንብሷል። የዚያን ዓመት አዝመራው እምብዛም አልነበረም፤ የቀረውንም በረዶ ሳይቀድመው ለማንሣት በደቦ እየተጯጯሁ ነበር።

ሀሊማ ጨው ከምትመዝንበት ሳትነሣ በአገጯ ወደ ልጁ አመለከተች። «ይኸውልሽ እትዬ ቦጋለች። አማርኛውን ባሕር ውስጥ ጥሎት ነው የመጣው። ቀስ አርገሽ አውሪው፤ ስትቸኩይበት ይስላል።»

ጁሃር ገርጥቶ፣ ደረቱን በነጠላ ጠቅልሎ ጆንያ ላይ ተቀምጧል። አንዳርጌን ያውቀዋል፤ አንድ መኝታ ቤት ነበሩ። ቃል እየፈለገ፣ ያጣውን በእጁ እየሞላ ነገራት። ደኅና ነው። ረጅም ነው፣ ይህን ያህል። ትራክተር መጠገን ተምሯል። ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል። ቦጋለች ይኼን ስትሰማ አፏን በእጇ ሸፈነች፤ ሀሊማ አይታ ፊቷን አዞረች።

«መቼ ነው የሚመጣው?» አለች ቦጋለች።

«ዘንድሮ። ከሳፍራ በኋላ።»

«ሳፍራን አላውቃትም። በኖቪዬምብሬ ናት በዲሲዬምብሬ?»

ልጁ ቀና አለ። ሀሊማ ኋላ እንደተናገረችው ከመጣ ጀምሮ ሲስቅ ያየችው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ነጠላ የለበሰች፣ እግሯ አቧራ የጠጣ ሴት አርብ ገበያ መሀል በኩባ ቋንቋ ወር ስትጠራበት ምን ይሁን። ወር አይደለም ሊላት ፈለገ፤ ቃሉ ጠፋው። ተነሣ፣ ጎንበስ አለ፣ በግራ እጁ አየር ጨበጠ፣ በቀኙ ከሥሩ ቆረጠው። እንደገና ጨበጠ፣ እንደገና ቆረጠ። ከኋላው፣ ከገበያው በላይ ባለው ተዳፋት፣ ገበሬዎቹ ልክ እንደሱ ነበር የሚያደርጉት።

«አጨዳ» አለች ሀሊማ።

«አጨዳ ነው» አለች ቦጋለች።

«አጨዳ» አለ ጁሃር፤ የጠፋበትን ቃል መልሶ በማግኘቱ ደስ ብሎት ነበር። «ተጀምሯል። እሱ ሲያልቅ ይመጣሉ።»

ሦስቱም ተስማሙ። አጨዳው ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል ብሎ የጠየቀ የለም። ማን ይጠይቃል? አጨዳ ጋይንት ውስጥ የሚሮጡበት ነገር ነው። ጎረቤት ይጠራል፣ ጠላ ይጠመቃል፣ ሳምንት ሳይሞላ ማሳው ይራቆታል፤ የሰነፍ ሰው እንኳ ከገና አያልፍም። ከኅዳር እስከ ግንቦት የሚታጨድ እህል አለ ቢባሉ ሁለቱም ሴቶች ጁሃርን ትኩሳቱ ተነሣበት ይሉ ነበር። ጁሃር ራሱ ሊነግራት ይችል ነበር፤ ካልጠየቁት ግን ሰው የሚያውቀውን ሁሉ እንዴት ይናገራል፣ ያውም በተዋሰው አማርኛ። ቦጋለች ገበሬ ባትሆን ኖሮ ትጠይቀው ነበር።

ንፋስ መውጫ ተመልሳ ጓድ ቻላቸው ዘንድ ገባች። ያን ጊዜ ያለ ይለፍ ወረቀት ከአውራጃ መውጣት የለም። ቻላቸው ጉዳዩን ሰምቶ የወንበሩን ጀርባ ተደገፈና ስለ ሳፍራ ማብራሪያ ሰጣት። ሳፍራ የኩባ ወዛደሮች ታላቁ የመኸር ዘመቻ ነው፤ አንብቧል። ፓምፍሌቱ ስንት ሚሊዮን ቶን እንደሚታጨድ በዝርዝር ያትታል፤ እስከ መቼ እንደሚታጨድ ግን አይናገርም፣ ቻላቸውም ከፓምፍሌቱ ውጭ አይጨነቅም። ከዚያ ዋናውን ነገር ነገራት። ልጆቹ ሲመለሱ አዲስ አበባ አንድ ማረፊያ ይገባሉ። ወላጅ ወይም ዘመድ በአካል የቀረበለት ለትውልድ ወረዳው ይመደባል። ማንም ያልቀረበለት የመንግሥት ልጅ ይሆናል።

«የመንግሥት ልጅ ምን ይደረጋል?» አለች።

ቻላቸው በመስኮቱ ወደ መኪናው መንገድ አየ። «መንግሥት ልጁን ያውቅበታል።»

ይለፉን ጻፈላት። አንድ ጊዜ ነው፣ ከጥምቀት ወዲያ ለአንድ ወር ነው፣ ሁለተኛ አትምጭብኝ አላት። የመመለሻውን ቀን ማኅተም አሳረፈበት።

ጥምቀት በዋለ ማግስት ተነሣች። አጨዳው አልቋል፣ ውቂያውም ገብቷል፤ በእሷ ሒሳብ እንዲያውም ዘግይታለች። በሶና ጭኮ ይዛ፣ የዶክተሯን ካፖርት ደርባ፣ በጭነት መኪናም በአውቶቡስም አዲስ አበባ ገባች። ማረፊያው ከከተማው ዳር፣ ቆርቆሮ አጥር ያለው ግቢ ነው። ዘበኛው የወሎ ሰው ነበር፤ ፊቱ ክፉ አይደለም። ከኩባ ስትለው አሁን የሚመጣ የለም አላት። አጨዳው እኮ አልቋል አለችው። ሰውየው ምን እንደምትል ስላልገባው ወደ በሩ ተመለሰ። እሷም አጥሩ ሥር ተቀመጠች። ጧት ትመጣለች፣ ማታ አንዲት የስማዳ ሰው ጓሮ ትገባለች። በሶው እያለቀ ሄደ።

ኋላ ዘበኛው አሳዘነችውና የግቢውን ወጥ ቤት ሰው ጠራላት። ወጥ ቤቱ ኦጋዴን ውስጥ ለኩባ ወታደሮች ምግብ ሲሠራ የኖረ፣ አፈ ቀላል ሽማግሌ ነው። ሳፍራ ስትለው ከት ብሎ ሳቀ።

«ሳፍራማ ገና መጀመሩ ነው። ግንቦት ቢያልቅ ነው። ሸንኮራ አገዳ እኮ ነው እናቴ፤ ገብስ መሰለሽ እንዴ?»

ቦጋለች ወሮቹን በጣቷ ቆጠረች። «ይኼን ሁሉ ወር በእጅ ነው የሚያጭዱት?» አለችው።

«በእጅ። በቆንጨራ።»

«ልጆቹም?»

«ልጆቹም። ትምህርት ነው ይሉታል።»

ሽማግሌው ሳቁ ከፊቱ ጠፋ፤ ሴትዮዋ ስለ ራሷ የምታዝን መስሎት ነበር፣ እሷ ግን በገዛ እጇ ላይ የልጇን እጅ ነው የምታየው። እንዶድ የላጠው መዳፏን ገልብጣ አየችው፣ ከዚያ ካፖርቱ ውስጥ ከተተችው።

እስከ ግንቦት እዚያው መቆየት አይቻልም። የይለፉ ቀን ሊያልፍ ነው፤ ያሳደረቻት ሴትም በእንግዳ ምክንያት ቀበሌ ሁለቴ ተጠርታለች። ቦጋለች የቀረውን ጭኮ ለዘበኛው ሰጠችው። አንዳርጌ ፈንታ የሚባል ሲመጣ፣ እናትህ በአጨዳ መጥታ ነበር በለው፣ ተመልሳ ትመጣለች በለው፣ ዝም ብለህ ቁም በለው አለችው። ዘበኛው እሺ አላት። እሺ ያለውም ከልቡ ነበር። የዘበኛ ልብ ግን ምደባ ላይ አይጠየቅም፤ በመጋቢት ወደ አሰብ አዛወሩት።

ሚያዝያ ላይ ቻላቸው ፊት ቆመች። ፈቃድ ተሰጥቶሻል አላት። ሳፍራ በግንቦት ነው የሚያልቀው ብትለው ይኼን አስቀድመሽ ማጣራት የማን ግዴታ ነበር አላት። በዚያ ላይ ጊዜው ተለውጧል፤ በሰሜን ወገን ጦሩ ተመትቷል ይባላል፣ ከቦታ ቦታ የሚዘዋወር ሁሉ ሰርጎ ገብ ነው። አንቺ ለምሳሌ የውጭ ቋንቋ ታውቂያለሽ አለ። እየቀለደ ይሁን ከልቡ አላወቀችም፤ እሱም አላወቀም ይሆናል። ግንቦት ሲገባ ያለ ይለፍ ወጣች። ደብረ ታቦር ኬላ ላይ ከአውቶቡሱ አወረዷት፤ እዚያው አሰንብተው በጭነት መኪና መለሷት። ቻላቸው ከጤና ጣቢያው እንዳትባረር አደረግሁልሽ ብሎ ውለታ ቆጠረባት።

ሰኔ አጋማሽ፣ ዝናቡ ሲጀምር፣ ጁሃር ለደረቱ መድኃኒት ሊወስድ ንፋስ መውጫ መጣ። አማርኛው ተመልሶለታል። ቦጋለች የታጠበ አንሶላ ይዛ ጣራ ሥር ቆማ ነበር። ሰላምታውን ሳይጨርስ አወቀችበት።

አብረውት ከነበሩት አንዱ ጽፎለታል፤ ልጆቹ ገብተዋል። አንዳርጌም ገብቷል። ስም ሲጠራ፣ የቀረበለት እየወጣ ሲሄድ፣ እሱ በሩ ላይ ቆሞ ሰነበተ። እናትህን ታውቃታለህ ወይ ቢሉት ድምፅዋን አውቀዋለሁ አለ። መጨረሻ ላይ ማንም ስላልመጣ፣ ትራክተር ስለሚያውቅ፣ ታንክ ጋ ወሰዱት፤ ሰንሰለት ሰንሰለት ነው አሉ።

«ዘበኛው አልነገረውም?»

«ዘበኛው ሌላ ነው ተብያለሁ።»

«እንግዲያ አልመጣችም ብሎ ነው የሄደው።»

ጁሃር አቀረቀረ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ እስከ ግንቦት መሆኑን መንገር ነበረብኝ አለ። ቦጋለች አንሶላውን ገመዱ ላይ ጣለችው፤ በዚያ ዝናብ እንደማይደርቅ እያወቀች። «አንተ ምን ታረግ ልጄ» አለችው። «ሦስታችንም እኮ አጨዳ ነው አልን።»

ከዚያ ዓመት አለፈ፤ ጥቂት ወራትም ተጨመሩበት። በሰማንያ ሁለት መስከረም ጦርነቱ ራሱ ወደ ጋይንት መጣ። ቻይናዎቹ በሠሩት መንገድ ላይ ወታደር የጫነ መኪና በቀንም በሌትም ይመላለስ ጀመር፤ አንዳንዱ ወደ ላይ፣ አንዳንዱ ወደ ጉና፣ የት እንደሚሄድ የሚያውቅ ሳይኖር። ከወዲያ ማዶ ያሉትም የራሳቸውን ወረቀት በሌሊት ይበትናሉ። ቻላቸው ያንንም ማንበብ ጀምሯል፤ ለጥንቃቄ።

ቦጋለች ወደ መንገዱ ወጣች። ለሰው የመሰለው ልጇን በመልክ የምትፈልግ ነበር። እሷ ግን መልኩን እንደማታውቀው ታውቃለች፤ የሸኘችው ዘጠኝ ዓመት የሆነው ልጅ ነው፣ በመኪናው ላይ ያሉት ጢማሞች ናቸው። ስሙን ብትጠራም በሞተሩ ጩኸት መሀል አንዳርጌ የሚባል ወታደር አንድ ብቻ አይደለም፤ የሚዞርላት ራስ ቢበዛ ምን ያደርግላታል። ድምፅዋን አውቀዋለሁ ብሏል። ድምፅዋ ደግሞ ከዚያ ወዲህ አርጅቷል። እናም ከዚህ አገር እናት አፍ ማንም የማይጠብቀውን፣ እሱ ግን ከየትም ቢሰማ የሚያውቀውን ነገር መረጠች።

«ኤኔሮ» ትላለች፣ መኪናው ሲጠጋ፤ በዚያው በመድረኩ ዜማ። «ፌብሬሮ።» እዚያ ላይ ዝም ትላለች። ሦስተኛውን አትጠራውም፤ ቦታውን ክፍት ትተውለታለች። መኪናው ያልፋል። ቀጣዩ ሲመጣ ከመጀመሪያው ትጀምራለች።

የከተማው ልጆች ይስቁ ነበር፤ ኋላ ለመዱት። ወታደሮቹ አንዳንዶቹ እብድ መስላቸው ብስኩት ይወረውሩላታል፣ አንዳንዶቹ የአካባቢው ጸሎት መስሏቸው ያማትባሉ። ጥቅምቱ እንዲህ አለቀ። ንፋስ መውጫ በዚያ ወር ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ አንሶላ እስከ ቀትር ይደርቃል። ጤና ጣቢያው ግን አንሶላውን ሁሉ ለቁስለኛ መጠቅለያ ሰጥቶ ነበርና የሚታጠብ አልነበረም። መንገዱ ዳር ቆማ ትውላለች።

ኅዳር ሊገባ ሲል፣ ከሰዓት በኋላ፣ ረጅም ሰልፍ መኪና መጣ። ሸራ የለበሱ ነበሩ፤ ውስጣቸው አይታይም። ቦጋለች ለመጀመሪያው ጠራች፣ ለሁለተኛው ጠራች። ከመጨረሻዎቹ በአንዱ ላይ «ኤኔሮ፣ ፌብሬሮ» ብላ ዝም ስትል፣ ከሸራው ውስጥ፣ ከሞተሩ በላይ፣ የወንድ ድምፅ «ማርሶ» አለ።

መኪናው አልቆመም። ሰልፍ አይቆምም። ሸራው ወደ ውስጥ ሲሳብ፣ አንድ እጅ ሲወጣና ሲመለስ ያየች መሰላት፤ አቧራው መልሶ ሸፈነው።

በማታው ከተማው ሁሉ አወራው። ቻላቸው ሳይቀር ቤቷ ድረስ መጥቶ፣ ኩባ የተማረ ወታደር ብዙ ነው፣ ማንም ሊሆን ይችላል፣ ተስፋሽን በተጨባጭ ማስረጃ ላይ ብትመሠርቺ ብሎ መከራት። ቦጋለች ተከራክራ አታውቅም፤ ያን ዕለትም አልተከራከረችም። ማን እንደሆነ እሷም አታውቅም። የሆነ እናት ልጅ ነው።

ያኔ ግን፣ መኪኖቹ ወደ ጉና መታጠፊያውን ሲያልፉ፣ መንገዱ ባዶውን ሲቀር፣ ብቻዋን ቆማ ነበር። አቧራው እስኪቀመጥ ጠበቀች። ከዚያ ተራው የእሷ ነበርና፣ ማንም በማይሰማው ድምፅ አራተኛውን ጠራች፣ «አብሪል»፤ እዚያው ቆመች።